በራፍ ላይ የሚያድረው አውቶቡስ

አንድ ድልነሳው የሚባል ሹፌር ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጭነት ከዳር እስከ ዳር ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ በወጣ በወሩ አንድ ያረጀ አውቶቡስ ገዛ። ወንበሮቹን ነቃቅሎ አልጋ ዘረጋበት፤ የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ በርሜልና ቁም ሣጥን ገጠመለት። መኖሪያ ቤቱን ለልጁ ለቀቀና ሚስቱን ትርንጎን «ነይ ውጪ! እስከ ዛሬ አገሩን በመስኮት ነው ያየሁት፤ ከእንግዲህ ወርደን እናየዋለን» አላት። ትርንጎም ልጆቿን ድራ ጨርሳ ነበርና ደስ ብሏት ተሳፈረች።

እውነትም ወርደው አዩ። በጫሞ ሐይቅ ዳር አዞ ፀሐይ ሲሞቅ አዩ፣ የኮንሶን እርከን በእግራቸው ወጡ፣ የሶፍ ዑመርን ዋሻ በባትሪ አቋረጡ። ጎማ ሲተነፍስ ድልነሳው ራሱ ይቀይራል፤ ራዲያተር ሲያፈስ ራሱ ይጠግናል። በየከተማው ደግሞ የድሮ የሥራ ባልንጀሮች ነበሩት። ከሐይቁም ከዋሻውም ይልቅ የሚናፍቀው እነሱን ማግኘት ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ሕግ ነበረው፤ ሰው አያስቸግርም። ወዳጁ ቤት ሲደርስ አውቶቡሱን በራፍ ላይ ያቆማል። ገብቶ ይጫወታል፣ ይስቃል። ምግብ ሲቀርብ ግን «በልተን ነው የመጣነው» ይላል። መኝታ ሲነጠፍለት «እኔ አልጋዬን ይዤ ነው የምዞረው» ብሎ ይወጣል። በዚህ ልቡ እስኪያብጥ ይኮራ ነበር።

«በዚህ የኑሮ ውድነት ላይ እንግዳ ሆኖ መጨመር ነውር ነው» ይላታል ትርንጎን።

«የሰዎቹ ፊት ግን አላማረኝም» ትለዋለች እሷ።

«አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ!»

ዓመቱ ሲዞር ነገሩ ተለወጠ። ሐዋሳ ያለው ወዳጁ ዘርጋው በድጋሚ ሲደወልለት «ከተማ ውስጥ የለሁም» አለ። የጎባው ወዳጁ ጭራሽ ስልኩን አላነሳም። ድልነሳው በጣም ከፋው። ቀሪ ዘመኑን ከወዳጆቹ ጋር ሊያሳልፍ ቤቱን ትቶ ወጥቶ፣ እነሱ አንድ በአንድ እየራቁት ነበር። ጥፋቱ የእሱ ሊሆን ይችላል ብሎ ግን ለአፍታም አልጠረጠረም። «ሰው ተለወጠ» አለና መሪውን ወደ ደጀን አዞረ። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው መካኒኩ አላምረው እዚያ ነበር።

የዓባይን በረሃ ወርደው፣ አቀበቱን በአንደኛ ማርሽ እየተጎተቱ ወጥተው ሲመሽ ደረሱ። አላምረው በግ አርዶ ይጠብቃቸዋል። ሚስቱ ጥሩአየሁ የጓዳውን አልጋ አንጥፋ፣ ወጡን ሠርታ ማዕዱን አቀረበች። ድልነሳውም እንደ ልማዱ «በልተን ነው የመጣነው» አለና ጥቂት ተጫውቶ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ጥሩአየሁ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች።

ጠዋት ሞተሩ ተነሳ፤ አውቶቡሱ ግን ንቅንቅ አልል አለ። አቀበቱ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውን ፍሪሲዮን በልቶት ነበር። ይህ ደግሞ ድልነሳው ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም። አላምረውን በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«አላምረው፣ ፍሪሲዮን ተቃጠለብኝ። እስቲ እየው።»

«ደንበኛ ነህ ወይስ ወዳጅ?» አለ አላምረው ሳይነሳ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ደንበኛ ከሆንክ ጋራዡ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ ተራህን ጠብቅ። ወዳጅ ከሆንክ ደግሞ ትናንት በግ ያረድኩለት ሰው የት ሄደ?»

«እንዳላስቸግርህ ብዬ እኮ ነው!»

«አሁንስ? አራት ቀን ከመኪናህ ሥር ልተኛልህ አይደል? ድካሜን ትቀበላለህ፣ ምግቤን ግን አትቀበልም። ጥሩአየሁ ‹ወጤ ምን ሆኖ ነው?› እያለች ነው ያደረችው። ዘርጋው ደውሎ ‹ድልነሳው በራፋችንን አይቶ ነው የሚመለሰው፤ ተጸይፎናል› ሲለኝ አላመንኩትም ነበር። ትናንት በዓይኔ አየሁት።»

ያ ሁሉ የቀረበ ማዕድ፣ ያ ሁሉ የተነጠፈ አልጋ፣ ሲወጣ የሚሸኙት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ድልነሳውን ታወሰው። አፈረ። ሚስቱን ሊጠራ ዞር ቢል ትርንጎ ጋቢዋን ደርባ የልብስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከኋላው ቆማለች።

«እኔማ ከትናንት ጀምሮ ዝግጁ ነኝ» አለችው።

ድልነሳው ወደ ቤት ዘለቀ። «ጥሩአየሁ፣ እህቴ፣ የትናንቱ ወጥ ተርፏል?»

«እርስዎ ሳይቀምሱት ሄደው እንዴት አይተርፍ!» አለች፤ ፊቷ ግን ፈክቶ ነበር።

ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣና ሥራው እስኪያልቅ አምስት ቀን ፈጀ። አምስቱንም ቀን ከአንድ ገበታ በሉ፣ በጓዳው አልጋ አደሩ። በሦስተኛው ቀን ከራት በኋላ አላምረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዓይኔ እየደከመ ነው። ብሎኑን በእጄ ዳብሼ ነው የምፈታው። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም» አለው። ድልነሳው እጁን ያዘው። በራፍ ላይ ለቆመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ሊነሱ ሲሉ ድልነሳው በአላምረው ስልክ ለዘርጋው ደወለ።

«ድልነሳው ነኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ዘርጋው በቀዘቀዘ ድምፅ «እሺ» አለ።

«ተርቤ ነው የምመጣው፤ መኝታም አዘጋጁልኝ።»

ከወዲያ በኩል ዘርጋው ሚስቱን ሲጠራ ተሰማ፦ «አንቺ! ድልነሳው እኛ ቤት ሊያድር ነው!»

ለሰው ማሰብ መልካም ነው። ከሰው ምንም አልቀበልም ማለት ግን ሁልጊዜ ትሕትና አይደለም፤ አንዳንዴ በጨዋነት የተሸፈነ ኩራት ነው። ወዳጃችን የሚሰጠንን ስንቀበል «አንተም ታስፈልገኛለህ» እያልነው ነው፤ ይህን ያልሰማ ወዳጅ ብዙ አይቆይም። እናንተስ «አላስቸግርም» ብላችሁ ከደጁ የተመለሳችሁበት ሰው ማን ነው? ያን ቀን ሊነግራችሁ የነበረው ነገርስ ምን ይሆን?