ዳኛው ፈረስ ማየት ሲማር

አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነበር፤ ስሙ ወንድይፍራው ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ክርክር ሰምቶ ማን እንደረታ፣ ማን እንደተረታ ሲወስን የኖረ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ሚስቱ ውዴነሽ ደግሞ የፈረስ እሽቅድምድም ነፍሷ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ መጠንከር ሲጀምር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከከተማው ዳር ወዳለው የእሽቅድምድም ሜዳ ትሄዳለች። ከመውጣቷ በፊት «ዛሬ እንኳ አብረን እንሂድ» ትለዋለች። እሱም ምክንያት አያጣም፤ አንዴ ራሱን ያመዋል፣ አንዴ እንግዳ ይጠብቃል፣ አንዴ ደግሞ ፀሐዩ ከብዶታል።

አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሳ ስትመለስ ፊቷ ይበራ ነበር። ያየችውን ልታወራው ትጀምራለች። እሱ ግን ጋዜጣውን ሳያስቀምጥ «ማን አሸነፈ?» ይላታል። ስሙን ትነግረዋለች። «ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ንባቡ ይመለሳል። ዓመታት ሲያልፉ ውዴነሽ ማውራቱን ተወች፤ መሄዱን ግን አልተወችም።

በአንድ ክረምት ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ዐረፈች።

ለቀስተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወንድይፍራው ብቻውን መብላትን ለመደ፤ ብቻውን መተኛትንም እንደምንም ለመደ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን አልለመድ አለው። በሌላው ቀን መሞቷን ያውቀዋል፤ እሑድ ሲሆን ግን ሄዳ የዘገየች እየመሰለው ጆሮው በሩ ላይ ይሆናል። እሽቅድምድሙ መጀመሩን በሰማ ዕለት እዚያ ቤት መቀመጥ አቃተው። ኮቱን ደርቦ ወደ ሜዳው ሄደ።

ያየው ነገር ግን አቧራ ነበር። ሰዎች ድንገት ብድግ አሉ፣ ፈረሶች ተግተልትለው አለፉ፣ ሰዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። አለቀ። ለዚህ ነው ዕድሜ ልኳን የተመላለሰችው ብሎ ተገረመ፤ ከመገረሙ በላይ ግን ከፋው። ሊሄድ ሲነሳ አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት በስሙ ጠሩት። ወይዘሮ ፈለቀች ይባላሉ፤ ድሮ ወንድማቸው የውድድር ፈረስ ያረባ ስለነበር ሜዳውን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ከውዴነሽ አጠገብ ተቀምጠው ብዙ ዓመት ሩጫውን አይተዋል፤ ዳኛውን ያወቁት በቀብሯ ዕለት ነው።

አረፍ እንዲል ጋበዙትና ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠየቁት።

«እሷ እዚህ ምን ታይ እንደነበር ማወቅ ፈልጌ ነው» አላቸው።

«እንግዲያው የመጡት ዘግይተው ነው» አሉት። እሱ ስለ ሞቷ ያወሩ መስሎት አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ከመነሻው ወዲያ ያለውን የታጠረ ክብ ቦታ አሳዩት። «ሩጫው የሚጀምረው እዚያ ነው። ውዴነሽ ቀድማ የምትመጣው ለዚያ ነበር።»

በሚቀጥለው እሑድ ቀድሞ ደረሰ። ፈረሶቹ ከመሮጣቸው በፊት በዚያ ክብ ውስጥ በልጓም እየተመሩ ይዞራሉ። ወይዘሮ ፈለቀች አጥሩን ተደግፈው ያስተምሩት ጀመር። የኋላ እግሩ የፊት እግሩን ዱካ አልፎ የሚረግጠው ፈረስ እርምጃው ረጅም እንደሆነ አሳዩት። ጆሮውን ወደፊት የቀሰረው ንቁ ነው፤ ሳይሮጥ በላብ የተጠመቀው ግን ጉልበቱን በፍርሃት እየጨረሰ ነው። እነዚህ ዘራቸው ተጠብቆ የኖረ የውድድር ፈረሶች እንደመሆናቸው፣ አባትና እናታቸው ብቻ ሳይሆን ቅድመ አያቶቻቸውም ይታወቃሉ። የአንዱ ፈረስ እናት ረጅም ርቀት የሚስማማት ከሆነች፣ ልጇ መጀመሪያ ላይ ቢዘገይ ተስፋ አይቆረጥበትም።

ዳኛውን ከሁሉ ያስገረመው የክብደቱ ነገር ነው። በአንዳንዱ ውድድር ብዙ ጊዜ ያሸነፈው ፈረስ ከኮርቻው ሥር የእርሳስ ብረት ይጫንበታል፤ የደካማው ጭነት ይቀልላል። ይህ ለጎበዙ በደል አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ሁሉም ተስፋ ይዞ እንዲነሳ ነው» አሉት።

ወንድይፍራው ይህን እያሰበ ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ ላይ ውዴነሽ ስለዚሁ ነገር አንድ ጊዜ ልትነግረው ጀምራ እንደነበር ትዝ አለው። ምን ብላ እንደጨረሰችው ሊያስታውስ ሞከረ፤ ግን አላስጨረሳትም ነበር።

ሌላ እሑድ ላይ፣ ውዴነሽ የትኛውን ፈረስ ትወድ እንደነበር ጠየቃቸው። ሁልጊዜ አዲሶቹን ነበር የምትመርጠው አሉት፤ ገና መሮጥ የጀመረ አንዱን ትይዝና ከዓመት ዓመት ትከታተለዋለች። ከመታመሟ በፊት በመጨረሻ የመረጠችው ማለዳ የምትባል ዳማ ባዝራ፣ ቀላ ያለች ሴት ፈረስ፣ ነበረች። በመጀመሪያ ውድድሯ የሕዝቡ ጩኸት አስደንግጧት ከሁሉም ኋላ ቀርታለች። ውዴነሽ ግን «ይቺን በሚቀጥለው ዓመት እዩልኝ» ብላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወንድይፍራው ስለ ማለዳ ሲል መጣ። ክቡ ውስጥ ስትዞር ጆሮዋን ያያል፣ አንገቷን ያያል፣ ላቧን ያያል። ስትሸነፍ ለምን እንደተሸነፈች ይገባው ጀመር፤ አንዴ ቶሎ ፈጥና ደክማለች፣ አንዴ በውጭ በኩል ሰፊ ዙራ መንገዱ ረዝሞባታል። ፈረሶቹ ለሩጫ ሲነሱ ልቡ እንዴት እንደሚመታ እሱ ራሱ ያውቃል። በስተርጅናው ለአንዲት ባዝራ እንዲህ መጨነቁ ያሳፍረውና ደግሞ ደስ ይለዋል።

የወቅቱ የመጨረሻ ውድድር ደረሰ። ያን ዕለት ማለዳ ተረጋግታ ገባች። ጋላቢዋ አልቸኮለም፤ ከሌሎቹ ጀርባ አጥሩን ተጠግቶ አቆያት። በመጨረሻው መታጠፊያ ፊት ለፊታቸው የነበሩት ፈረሶች ትንሽ ወደ ውጭ ሲወጡ አንዲት ክፍት ቦታ ተገኘች። ጋላቢው ልጓሙን ላላ አደረገ። ባዝራይቱ በዚያች ክፍተት ሾልካ ስትወጣ ሌላው ተመልካች ገና አላያትም፤ ወንድይፍራው ግን አያት። ሳያውቀው ብድግ ብሎ ወደ ጎኑ ዞረ።

«አየሻት?» አለ።

በዚያ በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

ፈረሶቹ መስመሩን አለፉ፤ ሕዝቡ ጮኸ። እሱ ግን ማን እንዳሸነፈ ሳይጠይቅ ወንበሩን እያየ ቀረ። ያ ሁሉ ያየው ነገር ደረቱ ውስጥ ሞልቶ የሚቀበለው አጣ። ያን ጊዜ ውዴነሽ አቧራ ለብሳ ቤት ስትገባ ምን ተሸክማ ትመጣ እንደነበር ገባው። ወይዘሮ ፈለቀች ከወዲያኛው ጎኑ ሆነው እጁን ያዙት።

«እሷም እንዲሁ ትዞር ነበር» አሉት ቀስ ብለው። «አለመምጣትዎን እያወቀች ትዞራለች። ከዚያ ራሷ ላይ ትስቃለች።»

ዳኛው ሰው ፊት አልቅሶ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን አለቀሰ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ሴት ልጁ ትርሲት ልትጠይቀው መጣች። ትርሲት መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምር ናት። እራት እያቀረበች፣ አንዲት አዲስ ተማሪዋ በዚያ ሳምንት የራሷን ስም በእጇ መናገር መቻሏን አነሳችለት። እንዲህ ያለ ወሬዋን አሳጥራ መጨረስ ለምዳለች፤ ያን ዕለትም ወዲያው ወደ ሌላ ጉዳይ ልታልፍ ነበር።

«ቆይ» አላት ወንድይፍራው። ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። «እስቲ እንዴት አድርጋ እንዳለችው በእጅሽ አሳዪኝ። ቀስ አድርገሽ፣ ከመጀመሪያው።»

ትርሲት አባቷን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ እጆቿን አነሳች። ሽማግሌው በደነደኑ ጣቶቹ ይከተላት ጀመር፤ ይሳሳታል፣ እሷ ታርመዋለች፣ እንደገና ይጀምራል። እራቱ ቀዘቀዘ። የውዴነሽ ናፍቆት ያን ማታም አልቀለለለትም፤ ዛሬም እሑድ ሲመጣ ያው ነው።

ወዳጆቼ፣ የምንወደው ሰው የሚወደውን ነገር ሊያሳየን ሲጠራን፣ የሚጠራን ወደ ራሱ ነው። ነገሩ ፈረስ ሊሆን ይችላል፤ ዘፈንም፣ የጓሮ አትክልትም ሊሆን ይችላል። ውጤቱን ብቻ ጠይቀን የምናልፍ ከሆነ ከሰውየው ጋር አንድ ቤት እየኖርን ሳንተዋወቅ እንቀራለን። በኋላ መማር ይቻላል፤ ዳኛውም ተምሯል፤ የተማረውን የሚያካፍላት ግን አልነበረችም።

እናንተስ፣ ሊያወራችሁ ጀምሮ ሳታስጨርሱት ዝም ያለ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ማን አለ?