አህዪት ቤቷ ሆና ኮሌጅ የተማረች ጊዜ

አንድ ጊዜ ክረምቱ አየለና ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከወንዙ ማዶ መምህር ኤሊ ኮሌጅ ከፍቶ ነበር። ትምህርቱ መንገድ መሪነት ነው፤ ጥልቁ የት ነው፣ ገደሉ የት ነው፣ መንጋ በየት ይሻገራል፣ እሱን ነው የሚያስተምረው። አያ አንበሶም፣ «ፈተናውን ያለፈ መንገድ መሪ ይሆናል። ቤትም ከወንዙ ማዶ፣ እኔ በምጠብቀው ሜዳ ላይ እሰጠዋለሁ» ብሎ አወጀ።

ይህን የሰማች እትዬ አህዪት ጆሮዋ ቀጥ አለ። አንድ ውርንጭላ አላት፤ ጎረቤቷ ደግሞ አያ ጅቦ ነው። እስካሁን እርግጫዋን ፈርቶ ተወላት እንጂ፣ ጅብ ጎረቤት ሆኖ ልጅ ማሳደግ ምን እንደሚመስል አስቡት እንግዲህ! «አልፌ ልጄን ይዤ እሻገራለሁ» አለችና ተመዘገበች። አያ ጅቦም ተመዘገበ። እሱ ከማዶ በግ መኖሩን ሰምቶ ነው።

ወንዙ አላሻግር ስላለ ትምህርቱ የርቀት ሆነ። ቁራ በየማለዳው ቁርበት ላይ የተጻፈውን የዕለቱን ትምህርት ያመጣል፤ የማን ቁርበት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ተማሪው ቤቱ ሆኖ ያጠናል፤ ወንዙ ሲጎድል መምህር ኤሊ ዳርቻው ላይ መጥቶ ይፈትናል።

እትዬ አህዪት የመጀመሪያውን ቁርበት ዘርግታ አንድ መስመር ሳትጨርስ፣ እሜቴ ቀበሮ ቡችሎቿን አስከትላ ከተፍ አለች።

«እትዬ አህዪት፣ ዛሬ ቤት ነሽ አይደል?»

«ቤት ነኝ፤ ግን እየተማርኩ ነው።»

«ቤት ከዋልሽማ ምን ችግር አለው! እነዚህን ያዢልኝ፣ አሁን መጣሁ።»

አሁን ያለችው እስከ ማታ ሆነ። በማግስቱ ከርከሮ መጣ፤ «ቤት ነች ሲሉኝ ነው የመጣሁት። ያሰጣሁትን ሥራሥር እይልኝ፤ ዝናብ ከመጣ አስገቢልኝ» ብሏት ሄደ። ከዚያ ጦጣ ወሬዋን ይዛ መጣች፤ የጦጣ ወሬ ደግሞ ጭራ የለውም። እትዬ አህዪት እምቢ ማለት አልሆንላት አለ። ቁርበቱ ሳይነበብ ተከመረ።

አንድ ማለዳ፣ «ቆይ ግን!» አለች። «ነጋዴ ቤት ሳለሁ ጭነት ጭኜ ስሄድ ማን አስቁሞኝ ያውቃል? ሁሉም መንገድ ይለቅልኝ አልነበር!» ተነሥታ ሁለት ጆንያ ጭድ ሞላች፣ ግራና ቀኝ ተጫነችና ቁርበቷ ፊት ቆመች።

እሜቴ ቀበሮ እንደ ልማዷ መጣች። «ዛሬም ቤት...» ብላ ጭነቱን ስታይ አፏን ያዘች። «ውይ፣ ሥራ ላይ ነሽ ለካ!» አለችና ቡችሎቿን ሰብስባ ተመለሰች። የተጫነች አህያን በወሬ ማስቆም ነውር መሆኑን የማያውቅ አውሬ የለማ!

ትምህርቱ ይገባት ጀመር። ልቧ ያልተነሣላት ቀን እንኳ፣ «ግድ የለም፣ መጫን ብቻ ልጫን» ትላለች፤ ከተጫነች በኋላ ጭንቅላቷም እንደ እግሯ ያለ ጎትጓች ይሄድላታል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ማውረዱን ተወችው። «ግማሽ ቀን ተጭኜ ይህን ካወቅሁ፣ ሙሉ ቀን ብጫንማ!» አለች። ተጭና በላች፣ ተጭና ተኛች። ውርንጭላው፣ «እማዬ፣ ነይ ሣሩ ላይ እንንከባለል» ሲላት፣ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ጭነቱ አይታይህም?» ትለዋለች። ጀርባዋ ተላላጠ። አንዱን መስመር ደጋግማ ታነበዋለች፤ ቀና ስትል ከጭንቅላቷ የለም።

አያ ጅቦማ ቁርበቱን አንጥፎ ይተኛበታል።

«አያ ጅቦ፣ አጠናህ?» ይለዋል ቁራ።

«ነገ።»

«ትናንትም ነገ ብለህ ነበር እኮ።»

«እሱ የትናንቱ ነገ ነው፤ አታምታታብኝ!»

ታዲያ አንድ ቀን ውርንጭላው የሚያጫውተው ቢያጣ፣ ከጅቦ ደጃፍ ሄዶ ቆመ።

«ና ግባ፣ የኔ ማር» አለው አያ ጅቦ ከተጋደመበት ሳይነሣ። «እናትህ ሥራ በዝቶባታል። የእኔ ትምህርት ነገ ነው፤ ዛሬ ነፃ ነኝ። ትንሽ ቀረብ በል።»

ውርንጭላው ቀረብ አለ።

«ትንሽ ደግሞ።»

እትዬ አህዪት ቀና ስትል ልጇን ከጅቦ ደጃፍ አየችው! ሮጠች። ግን ገመዱ ከላላ ሰንብቷል፤ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን አዘነበለና ጎትቶ ጭቃ ላይ ጣላት። ብትል ብትል መነሣት አቃታት። የቀራት ድምጿ ነው፤ አገር እስኪናጋ አናፋች! ውርንጭላው ደንግጦ ወደ እናቱ በረረ። አያ ጅቦ ልነሣ፣ አልነሣ ሲል ልጁ አመለጠው። «ነገ ይመጣል» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ውርንጭላው ገመዱን በጥርሱ ፈታላት። ተነሥታ ከአናቱ እስከ ጭራው አሸተተችው። «ለአንተ ብዬ ስማር፣ አንተኑ ላስበላህ ነበር!» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ትጫናለች፤ ፀሐይዋ ወንዙ ዳር ካለው ሾላ አናት ስትደርስ ጭነቱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሣር ነው፣ ውሃ ነው፣ ከልጅ ጋር መንከባለል ነው፤ ጎረቤትም ከመጣ ይምጣ። የላላውንም ገመድ በየማለዳው ታጠብቃለች።

ወንዙ ጎደለ። አያ ጅቦ የፈተናው ዋዜማ ትምህርቱ ትዝ አለውና ቁርበቶቹን ገለጣቸው። አሸተታቸው። ራበው። ዳር ዳሩን ልቅመስ ብሎ ጀምሮ ኮሌጁን በሙሉ ሰልቅጦ ጨረሰው።

በማግስቱ አያ አንበሶና ሊሻገር የመጣው መንጋ ባሉበት፣ መምህር ኤሊ ወንዙ ዳር ጠየቀው፤ «አያ ጅቦ፣ መንጋው ሾላው ጋ ሲደርስ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ እኔ!»

«ኧረ ያ ሁሉ የላክሁልህ ትምህርት የታለ?»

«ሆዴ ውስጥ ነው፣ መምህር። አንዱም አልባከነ።»

አውሬው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አህዪት ግን ሳትደናገር፣ «ከሾላው ወደ ግራ፣ ገደሉን በቀኝ ትቶ፣ ውሃው ድንጋይ ላይ በሚንጫጫበት በኩል ይሻገራል፤ እዚያ ጥልቅ አይደለም» አለች። አያ አንበሶ፣ «እንግዲያው ምሪን» አላት። ውርንጭላዋን ከጎኗ አድርጋ፣ መንጋውን ከኋላዋ አስከትላ ተሻገረች። አያ ጅቦ ከነበረበት ዳር የበላውን ቁርበት እያገሳ ቀረ።

ክረምት ሊገባ ሲል እሜቴ ቀበሮ ቁርበት በአፏ ይዛ ማዶ ካለው ከእትዬ አህዪት አዲስ ቤት ድረስ መጣች።

«እትዬ አህዪት፣ እኔም ተመዘገብኩ። ግን ቤት ነሽ አይደል እያሉ መቀመጫ ነሡኝ!»

«እነማን?»

«ሁሉም!»

እትዬ አህዪት ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ሳቀች። «ደረሰብሽ በይኛ፣ እሜቴ!» ጆንያዎቹን አውጥታ ሰጠቻት። «እንቺ፣ ተጫኚው። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አውርጂው። እኔን ጭቃ ላይ የጣለኝ መጫኔ አይደለም፤ አለማውረዴ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ቤቱ ሆኖ የሚማር ሰው ጭነቱን የሚጭንበትንም የሚያወርድበትንም ሰዓት ለይቶ ካላወቀ፣ ትምህርቱም ቤቱም እንደሚያመልጡት ነው።