ሁለቱ ወፍ ጠባቂዎች

አንድ ሰው ነበረ፤ በቆላ ማሽላ የዘራ። የሻረግ፣ ከሁለቱ ኪኒኖች የትኛውን ልዋጥ ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው የምነግርሽ። እኔ አባትሽ ከአራተኛ ክፍል ያቆምሁ ገበሬ ነኝ፤ የኩላሊት ካንሰር አላውቅም። ማሽላ ግን አውቃለሁ።

የሰውየው ማሽላ ወተት ሲይዝ የወፍ መንጋ ወረደበት። ወፍ እንደ አረም ተነቅሎ አያልቅም። ቢያባርሩት ዞሮ ይመጣል። ሥራው እስከ አጨዳ ድረስ ማራቅ ነው። ሰውየው በማሳው መካከል ማማ ሠራና ወንጭፍ የሚችሉ ሁለት ሰዎች አገኘ። ሁለቱን መቀለብ ግን አይችልም። ስለዚህ ለየብቻ ሦስት ሦስት ቀን አስጠብቆ አያቸው።

አንደኛው ጉልበተኛ ነበር። ቡጢ የሚያክል ድንጋይ ይወነጭፋል፤ ሸለቆው ይጮኻል። ሁለተኛው ዝምተኛ ነው። ጭቃ አድቦልቡሎ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ እሱን ይወነጭፋል። ጉልበተኛው ከማማው ሥር ሆኖ ይሳለቅበት ነበር።

«አንተ! ወፍ ልታባርር ነው ወይስ ልታጎርስ?»

«እኔን ተወኝ፤ ወፉን ጠይቀው» አለው ያኛው።

ወፉ በሁለቱም እኩል ሸሸ። ሰውየው ይህን በዓይኑ አየ። ቢሆንም የመረጠው ባለ ድንጋዩን ነው። በድምፁ ልቡ ይረካ ነበር። ለሚስቱም «ሲወረውር መሬት ይንቀጠቀጣል፤ ጠባቂ ማለት እንዲህ ነው» አላት።

ቀን አለፈ። ሰውየው ዘወትር ከማሳው ዳር ቆሞ ወደ ሰማይ ያያል፤ ወፍ የለም፤ ደስ ብሎት ይመለሳል። አንድ ቀን ሚስቱ «ሰማዩንስ አየህ፤ ማሽላውን አይተኸዋል?» አለችው። ተቆጣ። ግን ወደ ማሽላው መሀል ገባ። ወፍ ያልነካው የማሽላ ራስ ተቀንጥሶ መሬት ላይ ተኝቷል። አገዳው ተሰብሯል። ድንጋዩ በሄደበት ሁሉ እንደ መንገድ ተከፍቷል። ያን የወደቀ ማሽላ በሁለት ክንዱ ታቅፎ ማማው ሥር ቆመ።

«ይህን የበላው የትኛው ወፍ ነው?»

ጉልበተኛው አቀረቀረ። «ጋሼ፣ ድንጋዩ ካልጮኸ የሠራሁ አይመስለኝም» አለ።

ሰውየው አልሰደበውም። ዝምተኛውን አስጠራ። ጉልበተኛው ሊወርድ ሲል ግን ከለከለው። «ቆይ፤ መጀመሪያ እሱ ይውጣ። ማማው ለአፍታም ባዶ አይሁን» አለ። ያኛው ሲወጣ ይኸኛው ወረደ። የተሰበረው አልተነሣም። የቀረው ግን ለአጨዳ ደረሰ።

አሁን ስሚኝ። ማሽላው አንቺ ነሽ። ወፉ በሽታው ነው። ሐኪሙ ያለውን የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ፤ ሁለቱም ኪኒኖች በሽታውን የሚገቱት ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ የሚለዩት ሰውነት ላይ በሚያደርጉት ነው ብሎሻል። ሁለተኛውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጉበትሽን በደም ምርመራ እየተከታተሉ ነው የሚሰጡሽ። እሱን እነሱ ያውቃሉ። የማያውቁት ያንቺን ነው። አሁን የምትውጪውን ከጀመርሽ ወዲህ ውስጥ እግርሽ ተልጧል። አፍሽ ቆስሎ ውኃ እንኳ ያቃጥልሻል። ሐኪሙ ሲጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ትያለሽ። ካላመመኝ አይሠራም፣ ከቀየርሁም ተሸነፍሁ ብለሽ ነው።

ይህን ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ። እሾህ ወግቶሽ ስታለቅሺ «ዝም በይ» ያልሁሽ እኔ ነኝ። ለእሾህ ነበር ያልሁት፤ ለዚህ አልነበረም።

ኪኒኑን በራስሽ ፈቃድ እንዳታቆሚ። ሐሙስ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሐኪሙ ፊት ጫማሽን አውልቂ።