ሙቀት የማታውቀው መርፌ

ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና ባለው መንገድ ሰው ደጋግሞ የሚላት አንዲት አባባል አለች። መጨረሻ ላይ ትመጣለች፤ አትቸኩሉ። እንግዳ ሲሰማት ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስለዋል። የምን ጥንት! የወጣችው ከአንድ አሮጌ የጣሊያን ካሚዮን ኮፈን ስር ነው፤ ያውም ከነጭሷ።

የካሚዮኑ ባለቤት ክንፈ ዘርጋው ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርለታል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረችበት፤ ስለ መኪናው ክፉ ሲነገር መስማት አይችልም። ሚስቱ አስካለ፣ «እኔን ፊት ለፊት ቢሰድቡኝ ዝም ይላል፤ መኪናውን ግን ‘ጎማው ሳሳ’ ያለ ሰው ከኛ ቤት እህል አይቀምስም» ትላለች።

የክንፈ ትልቁ ኩራት የሙቀት ጌጁ ነበር። የሰው መኪና መርፌ ዳገት ባየ ቁጥር ወደ ቀዩ ሲንደረደር፣ የእሱ መርፌ ግን ነጩ መስመር ላይ ቁጭ እንዳለች ናት። ባዶውን ይሂድ፣ ጭኖ ይሂድ፣ ቆላ ይውረድ፣ ደጋ ይውጣ፣ ያው ናት። «ወጣት ሳለ ይሞቅ ነበር» ይላል ክንፈ፣ «እያረጀ ሲሄድ ግን ልክ እንደኔ ረጋ አለ።» ክንፈን ረግቶ ያየው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

በዚያ ዓመት የቲማቲም ገበሬዎቹ ማኅበር ምርቱን ወደ ደብረ ብርሃን የሚያመላልስ አንድ መኪና ፈለገ። ያለፈው ዓመት የያዙት መኪና ዳገቱ ላይ እየፈላ፣ በየመንገዱ ውሃ እየለመነ፣ ቲማቲሙ ገበያ ሳይደርስ ሾርባ ሆኖባቸዋል። ክንፈ ይህን ሥራ ካገኘ ጭነት ፍለጋ ከከተማ ከተማ መንከራተት ቀረለት ማለት ነው። ካላገኘ ደግሞ ካሚዮኑን ግቢው ውስጥ አቁሞ ዶሮ ሊያሰፍርበት ነው።

«የምንፈልገው የማይፈላ መኪና ነው» አሉት የማኅበሩ ሊቀመንበር አባ እርገጤ።

ክንፈ እጃቸውን ይዞ ወደ ጋቢናው ወሰዳቸው። «አባቴ፣ እኔ ብዙ አላወራም» አለና ብዙ አወራ። ሲጨርስ ጣቱን ጌጁ ላይ ቀሰረ። «ደብረ ብርሃን እስክንገባ ይህቺ መርፌ ከነጩ ፈቀቅ ካለች ሥራውን ለፈለጉት ይስጡት። ፈቀቅ ካላለች ግን የዘንድሮ ጭነት በሙሉ የኔ ነው። ውል?»

አባ እርገጤ መርፌዋን አዩ፤ ክንፈንም አዩ። «ውል። እኔም አብሬህ ተሳፍሬ አያታለሁ።»

በጉዞው ዋዜማ ክንፈ ዘይት ሊያስቀይር መካኒኩ አህመዲን ዘንድ ሄደ። አህመዲን ኮፈኑን ነካ አድርጎ እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

«ክንፈ፣ ይሄ ሞተር እኮ ግሏል። መርፌህ ግን ክረምት ላይ ናት።»

«ታዲያ ማንን ልትሰማ ነው?»

«እጄን!»

«እጅህማ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው የዋለው።»

ሞተሩ ላይ አውራ ጣት የምታክል ሙቀት የምትለካ ነገር ተተክላለች፤ የለካችውን በሽቦ ለጌጁ ትልካለች። አህመዲን ሽቦዋን ነቀለና፣ «ቁልፉን ክፈትና መርፌዋን እያት» ብሎ የሽቦውን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ ነካ አደረገው። መርፌዋ ዘላ ቀዩ ጫፍ ላይ ወጣች።

ክንፈ ከጋቢናው ተወርውሮ ወረደ። «ምን አደረግካት? ጤነኛዋን መኪና ትኩሳት ለቀቅክባት!»

«ኧረ ፈተንኳት እንጂ ምንም አላደረግኳት! እንዲህ ዘላ ከወጣች ጌጁም ሽቦውም ደህና ነው። የሞተችው ለኪዋ ናት። ሌላ አስመጣልሃለሁ፤ እስከዚያ ግን መርፌዋን አትመናት።»

«አንተ ስትነካት ቀይ፣ እኔ ስነዳት ነጭ! በሽታው ማን ጋ እንዳለ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እንደነበረች መልስልኝ!»

«እመልስልሃለሁ። ብቻ ራዲያተርህም ውሃ ያጎድላል፤ የሆነ ቦታ ያፈሳል።»

«በዚህ ቆላ ውሃ የማይጠጣ ማን አለ? አንተስ ዛሬ ስንት ጠርሙስ ጨረስክ?»

አህመዲን ትከሻውን ነቅንቆ ሽቦዋን ቦታዋ ላይ መለሳት። መርፌዋም ነጩ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለች።

«ይኸው፣ ዳነች» አለ ክንፈ።

በማግስቱ ማለዳ ቲማቲሙ ተጫነ፤ ጫኞቹ ሣጥኖቹ ላይ ወጡ፤ አባ እርገጤም ከክንፈ ጎን ተቀመጡ። በዚያ ካሚዮን የሞተሩ ግማሽ ከኮፈኑ አልፎ ጋቢናው ውስጥ ይገባል፤ ሽፋኑም በሹፌሩና በተሳፋሪው መሀል ነው። አርማንያ የምትባለውን ከተማ አለፍ እንዳሉ አባ እርገጤ እግራቸውን ይሰበስቡ ጀመር።

«ልጄ፣ ጉልበቴ እየተጠበሰ ነው።»

ክንፈ መርፌዋን አየ። ነጭ። «ቆላው ነው አባቴ። ከፍ ስንል ይበርዳል።»

ከፍ አሉ። ሙቀቱም አብሯቸው ከፍ አለ። ደብረ ሲና ሲገቡ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው።

«ይሄስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ደብረ ሲና አይደለም እንዴ? ቆሎ እየቆሉ ነዋ!»

«የጎማ ቆሎ ነው የሚቆሉት?»

ከተማው መውጫ ላይ ባዶውን የሚሄድ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ይጨምራል። ክንፈን ሲያየው ጄሪካኑን ከፍ አደረገለት። «ወንድሜ፣ እየጨሰ ነው! ቆም ብለህ አብርደው፤ ውሃ ላካፍልህ!»

«ውሃ ለበሽተኛ ነው!» አለና ክንፈ ጡሩምባውን ነፍቶበት አለፈ። አባ እርገጤ አንገታቸውን አዙረው ሰውዬውን እስኪሰወር ድረስ አዩት።

ጣርማ በር ሲቃረቡ ከመስታወቱ ፊት ነጭ ነገር ተነሳ። ጣርማ በር መቼም የታወቀ የጉም አገር ነው። ክንፈ የመስታወቱን መጥረጊያ አስነሳ።

«አቤት ጉሙ! መንገዱንም አላሳይ አለኝ።»

አባ እርገጤ በጎናቸው ባለው መስኮት ወደ ውጭ አዩ። ገደሉ፣ ከስር የተዘረጋው ቆላ፣ ማዶ ያለው ተራራ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ጉሙ ከኛ ፊት ብቻ ነው እንዴ የወረደው?»

«የዚህ አገር ጉም እንዲህ ነው አባቴ፤ ሰው ይመርጣል።»

ይህን ሲል ግን ድምፁ ሳሳ። ሞተሩ ያቃስታል፤ ጫማው ውስጥ ያለው እግሩ ግሏል። ቆሞ ኮፈኑን ልክፈት ይሆን ብሎ አሰበ። ከቆመ ግን ሽማግሌው «ፈላ» ሊሉ ነው፤ ሥራው ሊሄድ ነው፤ ያውም መርፌዋ ነጩ ላይ እያለች! ወደ መርፌዋ አየ። መርፌዋም አጽናናችው። ነዳጁን ረገጠ።

ሞተሩ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለና ጸጥ አለ። ካሚዮኑ ከመንገዱ ዳር ቆመ፤ ያ ጉም የተባለው ነገርም በኮፈኑ ስንጥቅ ሁሉ እያፏጨ ወጣ። ክንፈ ወርዶ ሊከፍት ሲል ጣቱ ተቃጠለና አፉ ውስጥ ከተተው። በጨርቅ ይዞ ሲከፍተው የሞተሩ ራስ ተሰንጥቋል፤ ውሃና ዘይት ተደባልቆ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። ክንፈ አየና መልሶ ከደነው።

ብዙም ሳይቆይ ያ ውሃ ሲጨምር የነበረው ሹፌር እየተንፏቀቀ ደረሰ። አባ እርገጤ መሀል መንገድ ላይ ቆመው አስቆሙት፤ ሁለት ቃል ተነጋገሩ፤ ጫኞቹም ቲማቲሙን ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ያሸጋግሩ ጀመር። ክንፈ የደነገጠው ይሄኔ ነው።

«አባቴ፣ ምነው? ውላችንስ?» ወደ ጋቢናው ሮጠና ቁልፉን አዞረ። «ይኸው ይዩ! ፈቀቅ አላለችም! ውል ውል ነው!»

አባ እርገጤ አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው በጥሞና አዩዋት። «እውነትህን ነው፤ ፈቀቅ አላለችም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ እሷ ትሸከመውና ቲማቲሙን ታድርስልን።»

ጫኞቹ ሣጥን እንደያዙ ሳቁ። ክንፈ አልሳቀም። የመጨረሻው ሣጥን ከካሚዮኑ ሲወርድ አይቶ ከሽማግሌው ፊት ቆመ፤ ያ ሁሉ ወሬ ጠፍቶበት ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ።

«አባቴ፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ፤ ይህቺ መርፌ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሙቀት አይታ አታውቅም።»

አባ እርገጤ ኩታቸውን አጣፍተው ወደ ሌላኛው መኪና እየወጡ፣ «ልክ ነህ ልጄ፤ የተኛ ዘበኛም ሌባ አይቶ አያውቅም» አሉት።