አዝማሪው ዝም ያለ ቀን

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እንዲህ ነው የሚመለሰው? ላሞቹ ራሳቸው ከዚህ ይሻላሉ። ቀና ብላችሁ መልሱ። ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

አሁን ሆነ።

በድሮ ዘመን ቁልቋል በር በምትባል አገር ጥጋቡ የሚባል አዝማሪ ነበር። ማሲንቆ ሲመታ እጁ አይታይም። ድምፁም ሸጋ ነው። ከወንዝ ማዶ የሚያርስ ሰው በሬዎቹን አቁሞ ይሰማው ነበር። ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። እሷ መዝፈን አትችልም። አንድ ማታ ሞክራ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ አንወጣም ብለው አደሩ። መናገር ግን ትችላለች። አፏ ወፍጮ ነው። እህል ቢኖርም ባይኖርም ይፈጫል።

የቁልቋል በር ሰው ዘፈን ይወዳል። ራሱ ግን አይዘፍንም። በሰው ፊት መዝፈን ለጨዋ ነውር ነው ይላል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ግጥም ይሰጣል። አንዱ ከተቀመጠበት ይነሣና፦ ተቀበል! ይላል። ሁለት ስንኝ ይናገራል። ጥጋቡም ይቀበልና በዜማ ያወጣዋል። ሰውዬውም ራሱ የዘፈነ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ይቀመጣል። ድካሙ የጥጋቡ፣ ኩራቱ የሰውዬው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰርግ ቤት የበሽታ ወሬ አይገባም። ከገባ ሙሽሮቹን ይከተላል ይላሉ። ሳል የያዘው ሰው እንኳ ከዳስ ወጥቶ፣ አስሎ ይመለሳል። አንዱ ተሳስቶ፦ ትናንት ራሴን… ብሎ ከጀመረ ሴቶቹ እልል ይሉበታል። ወሬው በእልልታው ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

እናም ባንድ ዓመት ጥጋቡን ለሰርግ ጠሩት። በሰርጉ ዕለት ንዳድ ያዘው። ሁለት ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሊጠራው የመጣውን ሰው እንጉዳይ በሩ ላይ አገኘችው። የበሽታ ወሬ ወደ ሰርግ ቤት አይላክ ነገር።

፦ ሥራ ይዞት ነው በል፣ አለችው።

ሰውዬውም ሄዶ እንደዚያው አለ። ሰርገኛው ያለ ማሲንቆ ዋለ። ከሳምንት በኋላ ጥጋቡ ድኖ በሌላ አገር ሲጫወት ታየ። ከዚያ ወዲያ የአገሩ ወሬ አንድ ብቻ ሆነ።

፦ ጠገበ።

፦ ስሙም ጥጋቡ አይደል? ምን ይደረግ።

፦ እኛን ንቆ የሰው አገር ያጫውታል።

ጥጋቡ ሰማ። ዝም አለ። እንጉዳይም ሰማች። እሷ ዝም አላለችም፣ ግን ሥራ ይዞት ነው ያልሽው ራስሽ አይደለሽም ወይ ብሎ ማንም አላመናትም።

ዓመት አለፈና የአያ ዘገዬ ልጅ ትርንጎ ልትዳር ሆነ። አያ ዘገዬ የአገሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ከአፋቸው ቃል አይበዛም። የወጣውም አይመለስም። ጥጋቡን ሽማግሌዎች በተቀመጡበት አስጠሩት።

፦ ጥጋቡ።

፦ አቤት ጌታዬ።

፦ ያለፈው አለፈ። ልጄን የምሰጠው ለወይራ አምባ ሰዎች ነው። እነሱ ኩራተኞች ናቸው። የኛን አዝማሪ ስትሰሙ ታያላችሁ ብያቸዋለሁ። በትርንጎ ሰርግ ከቀረህ በዚህ አገር ሁለተኛ ማሲንቆ አታስጮህም። ጎጆህን ነቅለህ ትሄዳለህ።

፦ እንዴት እቀራለሁ ጌታዬ?

ሽማግሌዎቹ ሰሙ። ቃል ሆነ።

ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው ጥጋቡ ከእንቅልፉ ነቃና፦ እንደምን አደርሽ ሊል አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ። እንደ አሮጌ በር ሲጥ አለ። ጉሮሮው አብጧል። እንጉዳይ ሮጣ እሜቴ ዝማምን አመጣቻቸው። መድኃኒት አዋቂ ናቸው። አፉን አስከፈቱና አዩ። ከንፈራቸውን መጠጡ።

፦ ስማ ልጄ። ሰባት ቀን ዝም ትላለህ። ማር በዝንጅብል እየላስክ ዝም። አንዲት ዜማ ብታወጣ ይሄ ድምፅ ሄደ ማለት ነው። ከሄደ እኔም አልመልሰው።

እንጉዳይ በጣቷ ቆጠረች። ሰባቱ ቀን ሳይሞላ ሰርጉ ይደርሳል።

፦ ብትዘፍን ድምፅህ ይሄዳል። ብትቀር አገራችን ይሄዳል። ምን ይሻላል? አለችው።

ጥጋቡ ጣቱን ወደ ማሲንቆው ቀሰረ።

፦ ልስቀለው?

ራሱን ነቀነቀ። ወደ በሩ ቀሰረ።

፦ በሩን ልዝጋው?

በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

፦ ራስህንም ያምህ ጀመር? ወይኔ ጉዴ!

በትዳራቸው ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገረው እሷ ብቻ ሆነች። ደስ ብሏት ነበር ይባላል። እኔ አላየሁም።

በኋላ ነገሩ ገባት። እሄዳለሁ ማለቱ ነው። እሷም፦ ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ እውነቱን ልንገራቸው ብላ ተነሣች። አያ ዘገዬ ቤት ደረሰች። ሴቶቹ ጌሾ ይወቅጣሉ፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ። አያ ዘገዬም ዳሱን ያስጥላሉ።

፦ አያ ዘገዬ፣ ጥጋቡ እኮ ጉሮሮውን…

፦ እልልልል! አሉ ሴቶቹ።

፦ አይ እናንተ፣ ስሙኝ! ድምፁ…

፦ እልልልል!

፦ አሞ…

፦ እልልልልልል!

አያ ዘገዬ እልልታውን ሰምተው፦ ጎሽ፣ የአዝማሪው ሚስት ደስ ብሏታል ማለት ነው፣ አሉና ወደ ዳሳቸው ዞሩ። እንጉዳይም የመጣችበትን ወሬ ይዛ ተመለሰች።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ጥጋቡ ማሲንቆውን ይዞ ሄደ። እንጉዳይም አጠገቡ ተቀመጠች። ፀሐይ እላይ ነው። ዳሱ ሞልቷል። የወይራ አምባ ሰዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ባንድ ወገን ተደርድረዋል። ትርንጎ በሻሽ ተሸፍና ከሚዜዎቿ መካከል አለች።

ጥጋቡ መምታት ጀመረ። አይ ማሲንቆ! ሰው ሁሉ ጠላውን አስቀመጠ። ድምፁን ጠበቁ። የማሲንቆው ዜማ ዞሮ መግቢያው ላይ ደረሰ። ድምፅ የለም። እንደገና ዞሮ መጣ። የለም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

፦ ምን ይጠብቃል?

፦ ዘንድሮም ጠግቧል።

ያን ጊዜ ከወይራ አምባ ወገን አያ መንበሩ የሚባል ብድግ አለ። የሙሽራው አጎት ነው። ምላሱ የሾለ ነው።

፦ ተቀበል! አለና እንዲህ አለ፤

ከወይራ አምባ ድረስ መጣን ተሰልፈን፣
ማሲንቆ ሲያለቅስ ልናይ ነው አርፈን?

ወይራ አምባዎች ሳቁ። ቁልቋል በሮች አንገታቸውን ደፉ። አያ ዘገዬ ፊታቸው ጠቆረ። ጥጋቡ መታ መታና ዝም።

፦ ተቀበል እንጂ! አለ አያ መንበሩ።

ሰው የለመደው ነገር ክፉ ነው። ጥጋቡ አላስቻለውም። የሰው ዓይን ከበደው። ትንፋሹን ሳበ። አፉን ከፈተ። ዜማው ሊወጣ አንድ ጣት ሲቀረው እንጉዳይ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፉ ውስጥ ወተፈችው። ሕፃናቱ በሳቅ ወደቁ። አያ ዘገዬ ግን ዱላቸውን ይዘው ተነሡ።

፦ ጥጋቡ! የተናገርኩት ቃል አለ። አገር ሰምቶታል።

እንጉዳይ ነጠላዋን አፉ ላይ ትታ መሐል ዳስ ላይ ቆመች።

፦ ታሟል! አለች።

፦ እልልልል!

፦ በሉ፣ እልል በሉ። እኔ የምሄድበት የለኝም።

፦ እልልልልል!

፦ አይዟችሁ፣ ጨምሩ።

እልልታ ትንፋሽ ይፈልጋል። ሴቶቹ አንድ ባንድ ደከሙ። የመጨረሻዋ፦ እል… ብላ ቀረች። ዳሱ ጭጭ አለ።

፦ ጨረሳችሁ? አለች እንጉዳይ። እንግዲያው ስሙ። ጉሮሮው ታሟል። ሰባት ቀን ዝም በል ተብሏል። ሦስት ቀን ይቀረዋል። ዛሬ ቢዘፍን ዳግመኛ አይዘፍንም። ያለፈው ዓመትም ንዳድ ይዞት ነበር። እናንተ የበሽታ ወሬ አትሰሙም። እኔም ሥራ ይዞት ነው አልኩ። እናንተም ጠገበ አላችሁ። አዎ ጠግቦ ነበር! ሁለት ጋቢ ለብሶ እየተንቀጠቀጠ ነው የጠገበው!

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፦ እውነቷን ነው፣ ጠይቀን አናውቅም፣ አለ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ።

አያ ዘገዬ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ።

፦ ታዲያ ከታመመ ለምን መጣ?

፦ ቢቀር ሊያባርሩት አልነበረም?

አያ ዘገዬ ይህን ሲሰሙ ወደ ወይራ አምባዎቹ አዩ። ወደ ልጃቸው አዩ።

፦ መጥቷል። ቃሉን ጠብቋል። ቂም የለኝም፣ አሉ። ነገር ግን የልጄ ሰርግ ያለ ዘፈን ሊወጣ ነው። እንግዶቼስ ምን ይላሉ?

፦ ማሲንቆው አልታመመም፣ አለች እንጉዳይ። እጁም ደኅና ነው። የጎደለው ድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ በዚህ ዳስ ሙሉ ነው። ስንት ዓመት ተቀበል ስትሉት ኖራችሁ። ዛሬ እሱ ይምታና እናንተ አውጡት።

፦ እኛ? እኛ አዝማሪ ነን? አሉ ቁልቋል በሮች።

፦ ጨዋ ሰው ይዘፍናል? አሉ ወይራ አምባዎች። ያን ቀን መጀመሪያ የተስማሙበት ነገር እሱ ነው።

እንጉዳይ ወደ አያ ዘገዬ ዞረች።

፦ አያ ዘገዬ፣ ጠዋት ጠዋት ከማሳ ላይ የሚሰማው የማን ድምፅ ነው? ለበሬዎችዎ ያዜሙ የለም? ለበሬ የዘፈነ ሰው ለልጁ ያፍራል?

ሳቅ አልተሰማም። ዳሱ ውስጥ ያለው ወንድ ሁሉ ገበሬ ነው። ሁሉም ለበሬው ዘፍኗል። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

አያ ዘገዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዱላቸውን ለአንዱ ሰጡ። በእጃቸው ምን እንደሚያደርጉ ስለጠፋቸው የማረሻ እርፍ እንደያዙ አድርገው ወደፊት ዘረጉት። ጥጋቡም አያቸውና ማሲንቆውን ቀስ አደረገው፣ እንደ በሬ እርምጃ። ከዚያም እኚያ ቃል የማይበዛባቸው ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው አወጡት፤

ትርንጎ ስትሄጂ ቤቴ ጎደለብኝ፣
ምሳዬን ማሳ ድረስ ማን ይዞ ይምጣልኝ?

ድምፃቸው ሻካራ ነው። ዜማው የእርሻ ዜማ ነው። ከጓሮ የታሰሩት በሬዎች ሰሙና ተነሥተው ቆሙ። ቀንበር የሚጫንባቸው መስሏቸው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሻሹ ሥር ትርንጎ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አባቷ ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ነግረዋት አያውቁም። ሚዜዋ ጎንበስ ብላ፦ እያለቀስሽ ነው? አለቻት። እሷም፦ በሬዎቹን እዪልኝ፣ አለች። እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

፦ ድገሙት! አለ ከኋላ አንዱ። አያ ዘገዬ ደገሙት። በሦስተኛው ቁልቋል በር በሙሉ ተቀበላቸው። ወይራ አምባዎች ዝም ብለው ሊሸነፉ ነው? አያ መንበሩ ያችን የስድብ ግጥሙን ራሱ አወጣት። ድምፁ የቀበሮ ነው። ሰው በሳቅ ሆዱን ያዘ። እሱም አብሮ ሳቀና ሌላ ጨመረ። ይኸኛው ለሙሽራዋ ምርቃት ነበር። ከዚያም ወዲህ አንዱ ያወጣል፣ ወዲያ አንዱ ይመልሳል። ጥጋቡ ላቡን እየጠረገ ይመታል። ለጠፋበት ሰው በቅንድቡ መንገድ ያሳየዋል። ነጠላው እስከዚያ ድረስ ከአፉ አልወጣም። እንጉዳይ አታምነውማ።

በማግስቱ የቁልቋል በር ሰው ነቃ። ድምፅ ያለው አልተገኘም። ጎረቤት ለጎረቤት በእጁ ሰላምታ ሰጠ። እሜቴ ዝማም በየቤቱ ዝንጅብል ሲያዞሩ ዋሉ።

ሰባቱ ቀን ሞላና ጥጋቡ ድምፁን ሞከረ። አለ። እንደ ድሮው አለ። ሙሽሮቹ ለመልስ ወደ አያ ዘገዬ ቤት ሲመጡ እሱም ተጠራ። ተቀምጦ አወጣው። እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም ይላሉ። ከወንዝ ማዶ የሚያርሱት በሬዎቻቸውን አቆሙ። ትርንጎም ባሏም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

አያ ዘገዬ ግን ይቁነጠነጣሉ። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ይነሡና ይቀመጣሉ። አንዱን ዘፈን እንደጨረሰ ወደ ጥጋቡ ጠጋ አሉና በጆሮው እንዲህ አሉት፤

፦ ጥጋቡ ልጄ፣ ዛሬስ ትንሽ እንኳ አያምህም?

ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በእሸት አብሱ። እሸት ካልደረሰም ቆሎ አልጠላም።