ከ«አለቀ» በኋላ

ዱሮ ነው አሉ፤ የራስን ፊት ማየት ብርቅ በነበረበት፣ መስታወት ከጎረቤት በሚዋሱበት ዘመን። በዋርካ ምንጭ ገበያ ባንትይርጉ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበረ። ባለሦስት እግር የሳጥን ካሜራ ነበረው። «እንዳትተነፍሱ!» ይላል፣ የካሜራውን ክዳን ከፍቶ ይዘጋል፣ «አለቀ!» ይላል። ሥራው ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ሙያውን ያስተማሩት አቶ ደምለው ፎቶዎቹን አገላብጠው አዩ።

«ሁሉም የኔን ይመስላል። ያንተው የቱ ነው?» አሉት።

ባንትይርጉን ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። ይቀመጣል፣ ይነሳል፤ ይበላል፣ አይጠግብም።

መጀመሪያ ከሰዉ ጀርባ የሚሰቀል መጋረጃ ሠራ። ባሕር ሣለበት፣ መርከብ ሣለበት። ሰዉ ወደደው። ብዙም ሳይቆይ የገበያው ፎቶ አንሺ ሁሉ ባሕር ሣለ። ባንትይርጉ መጋረጃውን ቀዶ ጣለው። እረፍት አጣ።

ቀጥሎ ሰዉን ፀሐይ ከጀርባው አድርጎ ማንሳት ጀመረ። ጠጉሩ ዳር ዳሩን ያበራል፣ ፊቱ ግን የለም። አንዲት ሙሽራ «እኔ ነኝ ወይስ ከሰል ነው?» ብላ አለቀሰች። አዘነላት፣ ደግሞ እንደ ድሮው አነሳት። አሁንም እረፍት አጣ።

በመጨረሻ ዳኛ እንግዳየሁ ሊነሱ መጡ። ጺማቸውን አበጥረው፣ ከዘራቸውን ጨብጠው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆሙ። የባንትይርጉ ልብ ሌላ ጋ ነበር፤ ክዳኑን ሳይከፍት «አለቀ!» አለ። ዳኛው እፎይ አሉ። ትከሻቸው ወረደ፣ ፊታቸው ፈታ አለ። ባንትይርጉ ስህተቱ ሲገባው ደንግጦ ከፈተና ዘጋ።

ፎቶው ሲወጣ ዳኛው ጮኹ።

«ተርታ ሰው አደረግኸኝ! ነገ ከዚህ ገበያ ትነቅላለህ!»

ከገበያው ከነቀለ መግቢያ የለውም፣ ምስኪን። ለመነ፣ አልሰሙትም። ፎቶውን ሊቀድዱት ሲሉ አብረዋቸው የመጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከእጃቸው ተቀበሏቸው። አዩት፣ አዩት፤ እንባቸው መጣ።

«ልጄ፣ ይኼን ሰውዬ ከየት አመጣኸው? እኔ ያገባሁት እሱን ነበር።»

ዳኛው መሬት መሬት አዩ። ስለ መንቀሉም ዳግመኛ አላነሱም።

አቶ ደምለው ኋላ መጥተው «ያንተውን አገኘኸው?» ሲሉት፣ ባንትይርጉ «ከ‹አለቀ› በኋላ ያለው ነው» አላቸው። ታዲያ ዐርፎ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፤ እስኪሞት ያንኑ ፊት ሲያሳድድ ኖረ።

ዛሬም ዋርካ ምንጭ ሄዳችሁ ፎቶ ብትነሱ፣ አንሺው ገና ሳያነሳ «አለቀ!» ይላል። አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሕፃኑም ያውቃል። እያወቁ እፎይ ይላሉ።