ሁለት ቆርቆሮ በድንበር ላይ

ተረት ተረት፤ ውሸቱ ለእኔ፣ እውነቱ ለእናንተ።

በአንበሳና በነብር አገር ድንበር ላይ አንድ መተላለፊያ ነበር። ወዲህ እሜት ኤሊ፣ ወዲያ አያ ጃርት ይጠብቁታል። ኤሊ የመንገደኛውን ጓዝ አስፈትታ፣ አይታ ታስቋጥራለች፤ ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ጃርት እንደገና ያስፈታዋል። ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሳ ጥጃ ሆኖ የተሰለፈ ኮርማ ቀንድ አብቅሎ፣ አግብቶ፣ ልጁን ከዳረ በኋላ ነው የተሻገረው።

የኤሊ ጌታ አንበሳ ተቆጣ። «እስከ መስከረም አዘምኚው፤ አለዚያ እዘጋዋለሁ» ብሎ፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበርና፣ አንድ ቆርቆሮ ላከላት። ኤሊ ተጨነቀች። ሣሩ ወዲያ፣ ውሃው ወዲህ ነው፤ ከተዘጋ ስንቱ እንስሳ ሊያልቅ ነው።

«አያ ጃርት፣ የአንተ ጌታ ስንት ላከልህ?»

«አንድ። ራሴን ብሸፍንበት እሾሄ ይረጥባል» አለ ጃርት እየተነጫነጨ።

«እንግዲያውስ የእኔን ጨምርበትና እሾህህን ሰብስበህ ጠጋ በል፤ አብረን እንቀመጥ።»

ሁለቱ ቆርቆሮ ድንበሩ ላይ ተገጥሞ አንድ ጎጆ ወጣው። ጓዙ አንዴ ይፈታል፣ ሁለቱም እኩል ያዩታል፣ አንዴ ይቋጠራል። ሰልፉ ከመፍጠኑ የተነሳ ቀንድ አውጣ እንኳ «ምነው አጣደፋችሁኝ» ብላ ተቀየመች።

በመስከረም አንበሳ ሊጎበኝ ሲመጣ ዶፍ ያዘው።

«ይህ ቤት በማን መሬት ላይ ነው?» አለ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጎፈሩ እያንጠባጠበ።

«ይግቡና ይነጋገሩበት፣ ጌታዬ» አለች ኤሊ።

ውስጥ ነብር ቀድሞ ተቀምጧል። ሁለቱ ጥቂት ተያዩ። ከዚያ ነብር ጅራቱን ሰብሰብ አድርጎ ቦታ ለቀቀለት።

ተረቴን ተረከቡኝ፤ አፌን በጠላ አርሱልኝ።